ስለ ወንድሟ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ልጄ፣ ኦቲዝም ያለበት ወንድምሽ ይወደው የነበረውን ሬዲዮ መፈታታት ትቶ ቀኑን ሙሉ እንደሚተኛ ነግረሽኝ «ተሻለው ማለት ነው?» ብለሽኛል። አልተሻለውም፤ ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚባለው ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው፣ ደሴ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሳለሁ የገጠመኝ ኦቲዝም ያለበት አንድ ሰው እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው።

ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ መናኸሪያ እየዋለ ከወልዲያም ከኮምቦልቻም የሚገቡትን አውቶቡሶች ሰሌዳና ሰዓት በደብተር ይመዘግብ ነበር። ጎልማሳ ሆኖ መመዝገቡን ሲያቆም ቤተሰቡ «ልብ ገዛ» ብሎ ተደሰተ፤ ቡና ሲፈላም ከጎረቤት ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። በእኛ በወሎ ከአቦል እስከ በረካ ከሰው ጋር የተቀመጠ ሁሉ ጤነኛ ይባላል፤ የእጣኑ ጢስና ጫጫታው ምን ያህል እንደሚያደክመው ያሰበ አልነበረም። ጸበሉም ዱዓውም ተሞክሮ በመጨረሻ ሆዴን ብሎ ሕክምና ሲሄድ፣ አስቀድሞ ያየው ባለሙያ «ይከፋሃል?» ቢለው «አይ» ስላለ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘው። እኔ ዘንድ ሲደርስ ደብተሩን አስመጣሁት። የፊተኞቹ ገጾች ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ቁጥር የተሞሉ ናቸው፤ ወደ ኋላ ሰዓቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ይጎድላል፣ ከዚያ ቀኑ ብቻ ተጽፎ መስመሩ ባዶ ይሆናል። መከፋቱን በቃል መግለጽ ያልቻለው ሰው፣ ድባቴው የጀመረበት ወር ሳይቀር ከደብተሩ ይነበብ ነበር። በሕክምና ተሽሎታል፤ የባከነው ዕድሜው ግን ያንገበግበኛል።

ኦቲዝም አብሮ የሚኖር አፈጣጠር ነው፤ ድባቴ ግን ይታከማል። ኦቲዝም ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ድባቴ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ሌላውን ለመምሰል ራስን ሲደብቁ መዋል ያለው ድካምም ለዚህ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ የጻፈው ስለ ሕፃናት ነበር፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስም እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈቱት ለልጆች ነው። እነዚያ ልጆች እንደሚያድጉ ብዙዎቻችን ዘነጋን።

የዛሬ ወጣቶች አንድ ምሽት በሰለቻችሁ ቁጥር «ዲፕሬሽን ያዘኝ» ማለታችሁ ያናድደኛል፤ ሆኖም እኛ ያፈርንበትን ስም ባትደፍሩት ኖሮ አንቺም ባልጠየቅሽኝ ነበር።

ወንድምሽን ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡና ስለተወው ሥራ ጠይቂው፤ መጻፍ ከቀለለው ወረቀት ስጪውና ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳዪ። መሞት ያስብ እንደሆነም በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። «አዎ» ካለሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ፣ ብቻውንም ሳትተዪው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው።