የኮንሶ እርከን ዘመናትን የተሻገረበት ምስጢርና የእርስዎ ማሳ

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ ቁልቁለት ላይ ማሽላና ጤፍ አመርታለሁ። በጋ በደቦ የምንሠራው የድንጋይ እርከን ክረምት ሲገባ ይናድብኛል። የጥንት ሰዎች የካቡት ለዘመናት የቆመው ምን ቢያደርጉ ነው?

መልስ፦ ለጥያቄዎ ሁነኛውን መልስ የሚሰጡት የኮንሶ ተራሮች ናቸው። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ያህል፣ ያለ ምንም ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ ዝናብ አጠርና ድንጋያማ የሆነውን ተራራ የእርሻ መሬት አድርጎታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መልክዓ ምድርም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የኮንሶ እርከን አፈርን ይይዛል፣ የሚበቃውን ውሃ ያስቀራል፣ ትርፉን ግን ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ እርከን የሚናደው ከካቡ ጀርባ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲከብድና መውጫ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ካቡን ሲሠሩ እስከ ጠንካራው መሬት፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው መሠረት ያውጡ፤ ትልልቁን ድንጋይ ከታች ያድርጉ፤ ረጅሙን ድንጋይ ጫፉ ወደ አፈሩ ዘልቆ እንዲነክስ ያስገቡት እንጂ ለመልክ ሲሉ በፊት ለፊት አያጋድሙት። የላይኛው ድንጋይ ምንጊዜም የሁለቱን የታችኞች መጋጠሚያ ይርገጥ። ካቡ ቀጥ ብሎ አይቁም፤ ወደ ዳገቱ ጋደል ይበል። በካቡና በአፈሩ መካከል ጠጠርና ኮረት ከሞሉበት ውሃው አፈሩን ሳይጠርግ ይንጠፈጠፋል።

ሆኖም የኮንሶን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አይበጅም፤ የእነርሱ ችግር የዝናብ እጥረት ሲሆን የእርስዎ ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ኃይለኛ ዝናብ ነው። ውሃ በሚበዛበት ማሳ እርከኑ በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ወደ ማፋሰሻው ዝቅ እንዲል በክርና በውሃ ልክ ይቀይሱ፤ በዓይን ግምት የተቀየሰ እርከን ውሃውን አንድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያጠራቅምና እዚያው ይበጠሳል። ማሽላ በሚዘሩበት በደረቁ ወገን ግን የኮንሶ ገበሬ የሚያደርገውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ፦ አገዳውን አጋድሞ አፈር እያለበሰ እርከኑን በትንንሽ ጎድጓዶች ይከፋፍለዋል፤ ዝናቡም በወረደበት ይሰርጋል።

በአካባቢያችን ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የከብቱ ጉዳይ ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ኮንሶዎች ከብቱን በግቢ አስረው መኖ እያጨዱ ይቀልባሉ፤ ፍጉንም ተሸክመው ወደ ማሳ ይመልሳሉ። እኛ ግን እህሉ እንደተነሳ ከብቱን በገለባው ላይ እንለቃለን፤ ብዙ ጉልበት የፈሰሰበት ካብ በኮቴ ይፈርሳል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከአንድ ክረምት አያልፍም። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ዝሆኔ ሣር ቢተክሉ ካቡንም ያጠብቃል፣ ለታሰረው ከብት መኖም ይሆናል።

ሥራውን ከማሳው አናት ይጀምሩ። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ሳይያዝ የታችኛውን መካብ ድካም ነውና፣ የላይኛው ማሳ ባለቤት ቦዩን አብሮዎት እንዲቆፍር ከጥር በፊት ይነጋገሩ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ እርከኑን ዳር እስከ ዳር ይዙሩት፤ የወለቀ ድንጋይ ካገኙ በዚያው ቀን ይመልሱት።