መጽሐፉን እንዳለ ግድግዳ ላይ፦ ስለ ኤፒስኮፕ ለጠየቃችሁን

ኤፒስኮፕ ስላይድ የማይፈልግ የድሮ ፕሮጀክተር ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ፣ ሳንቲም ወይም ቅጠል ቢያስቀምጡበት አጉልቶ ግድግዳ ላይ ያሳያል። ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ እነሆ።

ከአስማታዊ ፋኖስ በምን ይለያል?

በብርሃኑ መንገድ። የሆላንዱ ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ የሠራው ፋኖስ ብርሃኑን መስታወት ላይ በተሳለ ሥዕል ውስጥ ያሳልፋል። ኤፒስኮፕ ግን ዕቃው ላይ ያበራል፤ ሌንሱ የሚያገኘው ነጥሮ የተመለሰውን ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ወደ ሌንሱ የሚገባው ጥቂቱ ነው። የመሣሪያው ታሪክ በሙሉ ይህን ጥቂት ብርሃን የማብዛት ትግል ነው ብል አላጋነንኩም። የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር በ1750ዎቹ ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል (ያው የሃይድሮጂን ፊኛ የሠራው ሰው) በ1780 ገደማ «ሜጋስኮፕ» ያለውን ሲሠራ፣ የኤሌክትሪክ አምፖል የሚባል ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞርተን በ1872 ገደማ ፊላደልፊያ ውስጥ በትልቅ የኦፔራ አዳራሽ ሲያሳይ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን የሚያነድ ኃይለኛ መብራት ዕቃው አጠገብ ማስጠጋት ነበረበት።

ውስጡ መስታወት ለምን አስፈለገ?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ሌንስ ምስሉን ይዘቀዝቀዋል፤ እሱ አያስቸግርም፣ መጽሐፉን አዙሮ ማስቀመጥ ይበቃል። የሚያስቸግረው ግራና ቀኙ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጽሑፍ በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል። ስላይድ ቢሆን ገልብጠው ይከቱታል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ገጽን ግን ከጀርባው ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ መስታወት መንገድ ላይ ገብቶ ግራና ቀኙን ይመልሳል። የቤት መስታወት ግን አይሆንም፤ የሚያንጸባርቀው ቅባቱ ከኋላ ስለሆነ ፊደሉ ጥላ ያበጃል። ጥሩዎቹ መሣሪያዎች ፊቱ የተቀባ መስታወት አላቸው።

ወረቀት ያቃጥላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኃይለኛ አምፖል ገጹ አጠገብ ሲቆይ ወረቀቱን ያጠቁራል፤ ማራገቢያ የተገጠመላቸውም ለዚህ ነው። ብርቅ የሆነ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ማራገቢያ ቢኖረውም አያስቀምጡበት።

ሠዓሊ በዚህ ቢጠቀም ማጭበርበር አይደለም?

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል ባልኦፕቲኮን በተባለው የባውሽ ኤንድ ሎምብ ኩባንያ ኤፒስኮፕ ፎቶግራፍ እያሳረፈ ንድፉን ያወጣ ነበር። ራሱም ያፍርበት ነበር፤ ሱስ የሚያስይዝ መሣሪያ እንደሆነም ጽፏል። እኔ ግን በእፍረቱ አልስማማም። መሣሪያው የሚሰጠው የመስመሩን ቦታ ብቻ ነው። የትኛው ፊት እንደሚመረጥ፣ የቱ መስመር እንደሚቀር፣ ቀለሙ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ሠዓሊው ነው፤ ያንኑ መሣሪያ ገዝተው ሮክዌል ያልሆኑ ስንት አሉ!