አልገጥም ያላችሁን ቁጥር አትሰርዙት

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ከ40 ዓመት በላይ ቀያሽ ሆኜ የወሎን ተራራ ስወጣ ስወርድ ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ነኝ። ሰሞኑን ለእረፍት የመጣ አንድ ተማሪ ዘመዴ ቡና ስንጠጣ፣ "የላቦራቶሪ ውጤቴ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ስላለኝ አስተካክዬ አስገባሁት" አለኝ። ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። እኔም በሱ ዕድሜ ያንኑ አድርጌያለሁና።

አምባሰል በኩል መንገድ ልንቀይስ ወጥተን ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ሦስት ከፍታ ትመርጣላችሁ፣ በየከፍታው ቴዎዶላይት፣ ማለትም መነጽር ያለው የማዕዘን መለኪያ፣ ተክላችሁ ማዕዘን ትለካላችሁ፣ ሦስቱ ሲደመሩ 180 ዲግሪ መምጣት አለባቸው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ ደግሞ 60 ሰከንድ ተብሎ ይከፈላል። በጥቂት ሰከንድ መዛባት ያለ ነው። የኔ ግን 2 ደቂቃ ጎደለ፣ ይኼ ለቀያሽ ብዙ ነው። መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ወደ ጫፉ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ነው። ጎደሎውን ለሦስቱ አከፋፈልኩና ደብተሬን ዘጋሁ።

ማታ ጋሼ የምንላቸው አለቃችን ደብተሩን በፋኖስ አዩት። አልተቆጡም። "ይኼ ያየኸው ነው ወይስ እንዲሆን የፈለግከው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ቴዎዶላይቱን ከሳጥኑ አውጥተው ደጅ ተከሉት፣ ወደ ሰሜን አዙረው ካነጣጠሩ በኋላ "ና እይ" አሉኝ።

በሰሜን ሰማይ እንደ ጭልፋ የተደረደሩትን ሰባት ኮከቦች ታውቋቸዋላችሁ። ከእጀታው ጫፍ ሁለተኛዋ ሚዛር ትባላለች። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው አጠገቧ አልኮር የምትባል ደብዘዝ ያለች ኮከብ ያያል። በመነጽሩ ስመለከት ግን ሚዛር ራሷ ሁለት ሆነች። አንዷ ደመቅ፣ አንዷ ፈዘዝ ብላ፣ ልትነካት ምንም ያልቀራት ትመስላለች። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ እንደገና አየሁ። አሁንም ሁለት ናቸው።

የቀረውን ከብዙ ዓመት በኋላ አነበብኩ። ደማቋ ራሷ ጥንድ ናት። ሁለቱ በ20 ቀን ተኩል አንዴ ይዟዟራሉ። ይኼ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፣ በመነጽር ለያይቶ በማየት ግን አይደለም። ብርሃኗን እንደ ቀስተ ደመና በትነው ፎቶ ሲያነሱ በውስጡ ያሉት ጥቁር መስመሮች አንዳንድ ቀን ነጠላ፣ አንዳንድ ቀን ጥንድ ሆነው ወጡ። አንደኛዋ ወደ እኛ ስትመጣ ሌላዋ ስትርቅ ነው መስመሩ የሚከፈለው። "ፎቶው ተበላሽቷል" ብሎ መጣል ቀላል ነበር። አልጣሉትም። ፈዛዛዋም ጥንድ መሆኗ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ለአልኮር ትንሽ ጓደኛ ተገኘላት። ሲደመሩ ስድስት!

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ኮከብ የሚመዘንበት መንገድ ነው። ብቻዋን ያለች ኮከብ ምን ያህል እንደምትከብድ በቀጥታ ማወቅ በጣም አስቸጋሪ ነው፣ ብርሃኗን አይተህ መገመት ነው ያለህ። ጓደኛ ካላት ግን አንዷ ሌላዋን በስበት ስትጎትት ክብደታቸው ይገለጣል። እስቲ አብረን እንሥራው፣ ወረቀት ያዙ። አልፋ ሴንታውሪ ከኛ 4.4 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። በግንቦት እኩለ ሌሊት ሳይደርስ፣ ተራራ ካልጋረዳችሁ፣ ከወሎ ሆናችሁ በደቡብ ዝቅ ብላ ታዩዋታላችሁ። ለዓይን አንድ ናት፣ በመነጽር ሁለት። ሁለቱ በ80 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ፣ በአማካይ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለው 23.5 እጥፍ ነው። 23.5ን በ23.5፣ የመጣውን እንደገና በ23.5 አባዙት፣ 13,000 ገደማ ይመጣል። 80ን በ80 አባዙ፣ 6,400። አካፍሉት። ሁለት! በዚሁ ስሌት መሬትና ፀሐይ፣ ርቀቱ አንድ፣ ዙሩም አንድ ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ኮከቦች አንድ ላይ የሁለት ፀሐይ ክብደት አላቸው ማለት ነው። ወላሂ፣ ይኼን መጀመሪያ በእጄ የሠራሁት ቀን ከጠረጴዛው ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ርቀቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ እዚያ ላይ በመቶ አንድ ብትሳሳቱ ክብደቱ ላይ በመቶ ሦስት ትሳሳታላችሁ።

የነዚሁ የሁለቱ ሦስተኛ ጓደኛ ፕሮክሲማ ናት። ክብደቷ የፀሐይ ስምንተኛ ያህል ነው፣ ቀይ ናት፣ ያለ መነጽር አትታይም። ሁለቱን አንዴ ለመዞር 550,000 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። እንዲህ ርቃ መኖሯ ነው የሚያስማማቸው። ሦስት ኮከቦች እኩል ተቀራርበው ቢኖሩ ብዙ ጊዜ አንዷ ተወርውራ ትወጣለች። ስለዚህ ነው ሁለት ተጠጋግተው ሌላው ከሩቅ የሚዞረው።

አሁን አልጎል የምትባለውን ኮከብ ላንሣ። ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ልጅ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሌሊት ሌሊት ያያት ነበር። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ትደበዝዝና ተመልሳ ትደምቃለች። እ.ኤ.አ. በ1783 "ምናልባት የሆነ ነገር ፊቷ እያለፈ ይሆናል" ብሎ ጻፈ። ልክ ነበር፣ የሚያልፈው ሌላ ኮከብ ነው። ግን ኋላ ሲመዝኗቸው ቁጥሩ እንቢ አለ። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ቶሎ ያረጃል፣ ይኼ የታወቀ ነው። እዚያ ግን ከፀሐይ 3 እጥፍ የምትከብደው ገና ወጣት፣ ከፀሐይ የምታንሰው ደግሞ አርጅታ ያበጠች ሆነው ተገኙ። አብረው የተወለዱ ናቸው፣ እንዴት ይሆናል?

ማንም ቁጥሩን አላስተካከለም። ሲያስቡ ሲያስቡ መልሱ መጣ። ዛሬ ቀላል የሆነችው ድሮ ከባዷ ነበረች። ስታረጅ አበጠች፣ ስታብጥ የላይኛው ጋዟ ወደ ጓደኛዋ ፈሰሰ፣ ታናሿ በሷ ወፈረች። ኮከብ ለኮከብ አካሉን እንደሚያካፍል ያወቅነው ከዚያ እንቢ ካለ ቁጥር ነው።

በነጋታው አምባሰል ላይ ተመልሰን ወጣን። የቴዎዶላይቱ አንድ እግር ልል አፈር ላይ ቆሞ ሲሰምጥ ኖሯል። ድንጋይ ላይ ተክለን ለካን፣ ጉድለቱ 6 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ጋሼ ስድስቱንም እንዳለ አጻፉኝ።

ዘመዴን ትናንት ጠርቼ ይኼን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። አብሽር፣ ገና ነህ፣ ለመምህርህ እውነቱን ንገረውና እንደገና ሥራው አልኩት። እሺ ብሏል።

እናንተም በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ቦሩ ሜዳ ወይም መብራት የሌለበት ቦታ ውጡ። እጅብ ካሉት ሰባቱ ከዋክብት (ቅድም ያልኳችሁ ጭልፋ አይደሉም) ወደ ሰሜን ስትሄዱ አልጎልን ታገኟታላችሁ። ከጎረቤቶቿ ጋር እያወዳደራችሁ ድምቀቷን በየሰዓቱ ጻፉ። የደበዘዘችበት ሌሊት ላይ ከወደቃችሁ በ5 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከብርሃኗ ሲሶው ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ትመለሳለች። ዓይኔ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ደሴ ስትመጡ ደብተሩን ከነስርዝ ድልዙ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ቡናው ይፈላል።