በረጅም መንገድ ላይ እየጠፋ የሚያስቸግር አሮጌ ሞተር ሳይክል

«ግማሽ ሰዓት ከነዳሁት በኋላ እየተንተፋተፈ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል» ላልከው፣ መጀመሪያ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ጠርጥር።

ሲጠፋብህ ወዲያው ክዳኑን ክፈት። አየር «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል። ነዳጁ ሲቀንስ አየር ካልተካው ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን በቤንዚን እጠበው፣ ቀዳዳውን በአየር ንፋው፤ አለቀ።

ለውጥ ከሌለ ክዳኑን መልሰህ ዝጋና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላው (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እሳት መስጠቱን እይ። ካልሰጠ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ወደሚልከው ጥቅል ሽቦ፣ ወደ ቦቢናው ሂድ፤ ያረጀ ቦቢና ሲግል ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ካርቡሬተሩን ለመፍታት ግን አትቸኩል። ጂግለሩን (በውስጡ ያለውን ነዳጅ መጣኝ ባለ ቀዳዳ ብሎን) በሽቦ ጎርጉረው ቀዳዳውን ያሰፉና ከዚያ ወዲህ ነዳጅ እየፈጀ አልበቃው ያለ ሞተር የሚገፉ ብዙ አይቻለሁ።