ዋተርማርክ ይሻላል ወይስ ሲግኔቸር? ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ ግን በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ዝም ያልኩት፣ አሁን ኮምፒውተር ላይ ስለተቀመጥኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ያልከው ባጭሩ "20 የሬዲዮና የቲቪ ቻናል 24 ሰዓት እየቀዳን ነው፣ የትኛው ማስታወቂያ የትኛው ቻናል ላይ በስንት ሰዓት እንደተላለፈ በአውቶማቲክ ማወቅ እንፈልጋለን፣ ዋተርማርክ እንጠቀም ወይስ ሲግኔቸር ማቺንግ" ነው። አንዱ ደግሞ ከስር "ዋተርማርክ ካለ ሌላው ትርፍ ነው" ብሎሃል። እኔ ሰባት ዓመት ገደማ እንዲህ ዓይነት ሲስተም ላይ ሠርቻለሁ፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም በየተራ እንቅልፍ ነስተውኛል፣ እና በሱ አስተያየት አልስማማም።

መጀመሪያ "የትኛው ይሻላል" የሚለውን ተወው፣ ምክንያቱም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። ዋተርማርክ ድምፁ ከመተላለፉ በፊት ውስጡ የሚደበቅ ኮድ ነው፣ ጆሮ አይሰማውም ማሽን ግን ያነበዋል። ሲግኔቸር ደግሞ ድምፁን ምንም ሳትነካው ከራሱ የምታወጣው አሻራ ነው፣ አሻራውን አውጥተህ ቀድመህ ካስቀመጥካቸው ጋር ታመሳክራለህ። አንዱ ማኅተም ነው አንዱ አሻራ። ማኅተም ደብዳቤው በየትኛው ቢሮ እንዳለፈ ይነግርሃል፣ አሻራ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግርሃል። አንድ ማስታወቂያ በሁለት ቻናል እኩል ሰዓት ቢተላለፍ አሻራው ያው አንድ ነው፣ በአሻራ ብቻ የትኛው ቻናል እንደሆነ ብትጨነቅም አታውቀውም፣ ማኅተሙ ግን ቻናል በቻናል ይለያያል።

እና አሁን ያንተን ጉዳይ እየው። አንተ የምትቀዳው እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው በራሱ ሪሲቨር ነው አይደል? ስለዚህ ቻናሉን ታውቀዋለህ፣ ሰዓቱንም ታውቀዋለህ፣ የማታውቀው ምን እንደተላለፈ ነው። ያ ደግሞ የአሻራ ሥራ ነው። ዋተርማርክ የሚያውቅልህ አንተ ቀድመህ የምታውቀውን ነው! ይሄን ለመረዳት እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል ስልህ እያፈርኩ ነው።

የአድማጭ ብዛት የሚለኩት ሰዎች ጉዳያቸው የዚህ ግልባጭ ነው። እነሱ ሰው ኪሱ ውስጥ ወይም ቤቱ የሚያስቀምጠው ማይክ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይሰጣሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ ነው ማወቅ የሚፈልጉት፣ ለነሱ ማኅተሙ ነው ዋናው። አርቢትሮን የሚባለው ኩባንያ ፒፒኤም ብሎ የሠራው ይሄንን ነው (ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2013 የአድማጭና የተመልካች ብዛት የሚለካው ኒልሰን ገዝቶታል)። ኮዱ ከ1 እስከ 3 ኪሎሄርዝ ባለው መሀል ነው የሚደበቀው፣ ምክንያቱም ርካሽ ስፒከርም ቢሆን እዛ አካባቢ ያለውን ድምፅ በደንብ ያወጣል። ችግሩ ጆሮም እዛው አካባቢ ጎበዝ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ኮዱን ከሌላ ከፍ ካለ ድምፅ ጥላ ሥር ነው የምትሸሽገው። ዘፈን ሲሆን ጥላው ሰፊ ነው። ሰው ቀስ እያለ ሲያወራ፣ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ቆም ሲል ግን መደበቂያ የለም፣ ኮዱ ይሳሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የወሬ ፕሮግራም ያላቸው ጣቢያዎች "እኛ ተጎዳን" ብለው ሲጮኹ የነበረው በዚህ ነው፣ በ2014 አካባቢ ቮልቴር የሚባል ኮዱን አጉልቶ የሚያወጣ መሣሪያ ገበያ ላይ ወጥቶ ኢንዱስትሪው ሲናጥ ከርሞ ኒልሰን በቀጣዩ ዓመት ኢንኮዲንጉን (ኮዱ ድምፁ ውስጥ የሚከተትበትን መንገድ) ራሱ አጠናከረው። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር፣ የማይሰማ ነገር ለማጉላት ሰው ያን ያህል ገንዘብ መክፈሉ ነው፣ ግን የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው በዛ ቁጥር ከሆነ ምን ታደርገዋለህ።

ዋተርማርክ ካለ ሌላው ትርፍ ነው ላለው ወንድማችን ደግሞ የደረሰብኝን ልንገረው። አንድ ጣቢያ ላይ (ስሙ ይቅር) ኢንኮደሩ (ኮዱን ድምፁ ውስጥ የሚከተው ሳጥን) ከስቱዲዮ ወደ ትራንስሚተር በሚሄደው መስመር መሀል ነው የተገጠመው። እነዚህ መሣሪያዎች ኃይል ሲቋረጥባቸው ድምፁ እንዳይጠፋ ብለው በራሳቸው ባይፓስ ያደርጋሉ፣ ማለትም ድምፁ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አስበው፣ የኢንኮደሩ ፓወር ሰፕላይ ሞተ፣ ድምፁ ያልፋል፣ ቴክኒሻኑ በጆሮው ሲሰማ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ አድማጭም ምንም አልታወቀውም፣ ኮዱ ብቻ የለም። ሁለት ቀን ከግማሽ! በዋተርማርኩ ሪፖርት ጣቢያው አየር ላይ ያልነበረ ይመስላል። ያዳነን ጎን ለጎን ይሠራ የነበረው የሲግኔቸር ሲስተም ነው፣ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቷቸዋል። ከዛ በኋላ ነው ከአየር ላይ መልሶ እየሰማ ኮዱ ሲጠፋ አላርም የሚያደርግ ዲኮደር (ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ) ያስገባነው። ሌላው ደግሞ ዋተርማርክ የሚሠራው ጣቢያው ከተባበረህ ብቻ ነው። 20 ጣቢያ ሄደህ "መስመራችሁ መሀል ሳጥን ልግጠም" ብለህ አስፈቅድና ንገረኝ 😅

እሺ ወደ ሲግኔቸር። ሁለት ታዋቂ መንገድ አለ። አንዱ የሻዛም ነው። ሻዛም እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ አገር ሲጀመር አፕ እንኳ አልነበረም፣ 2580 ደውለህ ስልኩን ወደ ስፒከሩ ታስጠጋዋለህ ከዛ የዘፈኑ ስም በቴክስት ይመጣልሃል። ከሻዛም መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤቨሪ ዋንግ በ2003 አሠራሩን ጽፎታል። ድምፁን ወደ ስፔክትሮግራም (በየጊዜው የትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል ጎልቶ እንደወጣ የሚያሳይ ሥዕል) ትቀይርና ጎልተው የወጡትን ነጥቦች ብቻ ትይዛለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ፣ ጫጫታ ቢኖርም የጎላው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከዛ ሁለት ሁለት ነጥብ ታጣምራለህ፣ የአንዱ ፍሪኩዌንሲ፣ የሌላው ፍሪኩዌንሲ፣ መሀላቸው ያለው ጊዜ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሃሽ፣ ማለትም ለፍለጋ የሚሆን አንድ አጭር ቁጥር ይሆናሉ። አንድ ሃሽ በአጋጣሚ ብዙ ቦታ ሊገጥም ይችላል፣ ግን የገጠሙት ሃሾች ሁሉ በቀዳኸውና ቀድመህ ባስቀመጥከው ድምፅ መሀል ያላቸው የጊዜ ልዩነት እኩል ከሆነ አለቀ፣ እሱ ነው።

ሁለተኛው የፊሊፕስ ኩባንያ ተመራማሪዎች የሃይትስማና የካልከር ነው፣ 2002። ከ300 እስከ 2000 ሄርዝ ያለውን 33 ቦታ ይከፍሉታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያለው የኃይል ልዩነት ካለፈው ፍሬም (አጭር የድምፅ ቁራጭ) አንፃር ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብለው 1 ወይም 0 ይሰጡታል፣ በየ11.6 ሚሊሰከንዱ 32 ቢት ይወጣል። 256ቱን ስታስከትላቸው 3 ሰከንድ ገደማ ነው፣ 8192 ቢት። ከነዛ ውስጥ የሚለያየው ከ35 ፐርሰንት በታች ከሆነ ማች ነው ይላሉ። የማይገናኙ ሁለት ድምፆች ካነጻጸርክ ልዩነቱ 50 ፐርሰንት አካባቢ ይመጣል፣ ሳንቲም እንደመወርወር ማለት ነው። ስቶሬጅ አያስፈራህ፣ በዚህ አሠራር የአንድ ቻናል የ24 ሰዓት አሻራ ወደ 30 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ አስላው።

እኔ ለማስታወቂያ ቆጠራ የፊሊፕሱን ዓይነት እመርጣለሁ፣ ለምን መሰለህ፣ ሰከንድ በሰከንድ ምን ያህል እንደገጠመ ያሳይሃል። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ገጠመኝ ላሳይህ። 30 ሰከንድ የሆነ ማስታወቂያ ነበረ፣ ሁለት ቨርዥን። ሙዚቃው አንድ፣ ተራኪዋ አንድ፣ እስከ 26ኛው ሰከንድ ድረስ ፋይሉ ራሱ አንድ ነው፣ መጨረሻ ላይ አንዱ "ቅዳሜ ይጀምራል" ይላል ሌላው "ተጀምሯል፣ ይምጡ" ይላል። ሲስተማችን ከ30 ሰከንድ 26ቱ ከገጠመ ምን ይፈልጋል፣ ማች ብሎ ቀድሞ ያገኘውን መዘገበ። ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ደወለ፣ "እሁድ ከሰዓት ቅዳሜ ይጀምራል የሚል ማስታወቂያ አስተላልፈዋል፣ ጣቢያውን ገንዘቤን እጠይቃለሁ" አለ። ቅጂውን ከፍተን ስንሰማው ጣቢያው ያስተላለፈው ትክክለኛውን ነው፣ ያጠፋነው እኛ ነን። የመጨረሻዎቹን አራት ሰከንዶች ለብቻ ብናይ ኖሮ ልዩነቱ ወደ 50 ፐርሰንት ዘሎ ይታይ ነበር፣ እኛ ግን አማካዩን ነው ያየነው። ስለዚህ ሪፈረንስ (ለማመሳከሪያ ቀድመህ የምታስቀምጠውን የማስታወቂያ ቅጂ) ስታስገባ መጀመሪያ ሪፈረንሶቹን እርስ በርሳቸው አመሳክራቸው፣ የሚመሳሰሉ ካሉ የሚለያዩበትን ሰከንድ ምልክት አድርግና ውሳኔው በዛ ሰከንድ ላይ ብቻ እንዲሆን አድርግ። የጀርባ ሙዚቃም እንደዚሁ ነው፣ ሁለት የተለያዩ ማስታወቂያዎች አንድ ሙዚቃ ገዝተው ሲጠቀሙ የሻዛም ዓይነቱ ሲምታታበት አይቻለሁ።

ፍጥነት ሌላው ጉድ ነው። አንዳንድ ጣቢያ ሰዓት ለመቆጠብ ድምፁን ትንሽ ያፈጥነዋል፣ ጆሮ አያውቀውም። በሰከንድ 24 ፍሬም የሆነ ፊልም በ25 ሲተላለፍ ደግሞ 4 ፐርሰንት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ያኔ ነጥቦቹ ሁሉ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፣ ሃሹ አይገጥምም። አንዱ መፍትሔ ሪፈረንሱን በተለያየ ፍጥነት ደጋግሞ ማስገባት ነው፣ ሌላው ፓናኮ የሚባለውን የሲግኔቸር ሶፍትዌር ማየት ነው፣ እሱ የፍጥነትና የቅጥነት ለውጥ እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ነው። ለሙከራ ዴጃቩም አለ፣ በፓይተን ነው፣ ሐሳቡን ለመረዳት አሪፍ ነው ግን 20 ቻናል ብትጭንበት ያቃስታል። ክሮማፕሪንትን ብዙ ሰው ይጠቁምሃል፣ እሱ በዋናነት ሙሉ የዘፈን ፋይል ለመለየት ነው የተሠራው፣ ከ10 ሰከንድ ማስታወቂያ ጋር ብዙም አይዋደድም።

ሪፈረንስ የሌለው ማስታወቂያስ ካልከኝ፣ ይሄ የሲግኔቸር ትልቁ ድክመት ነው፣ የማያውቀውን አያውቅም። ግን አንድ ዘዴ አለ፦ የቀዳኸውን ከራሱ ጋር አመሳክረው። የቀጥታ ወሬ ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም፣ በሳምንት ውስጥ ቃል በቃል የተደገመ ነገር ካለ ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ ጂንግል ወይ ዘፈን ነው። ከ10 እስከ 60 ሰከንድ የሆኑትን ለይተህ አውጣና ሰው ሰምቶ ስም ይስጣቸው፣ ከዛ ሪፈረንስ ሆኑልህ። እኛ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእጅ የሚሰማው በጣም ቀንሶልናል። ማስታወቂያው በአቅራቢው አፍ በቀጥታ የሚነበብ ከሆነ ግን እርሳው፣ ሁሌ አዲስ ድምፅ ነው፣ እሱን ወይ ሰው ይስማው ወይ ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር ሞክር።

ሰዓት! ይሄን ሳልነግርህ ብቀር ትረግመኝ ነበር። የቀረጻ ካርዱ የራሱ ክሎክ አለው፣ ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሳሳት በቀን 4.3 ሰከንድ ነው። አንድ ፋይል ለሳምንት ሳይቋረጥ ከቀዳህና ሰዓቱን በሳምፕል ቆጠራ ካሰላኸው መጨረሻው ላይ ግማሽ ደቂቃ ይስታል፣ ከዛ የአንተ ሪፖርትና የጣቢያው ሎግ አይገናኙም፣ ስብሰባ ላይ ውሸታም የምትባለው አንተ ነህ። ፋይሉን በየሰዓቱ ቁረጠው፣ የእያንዳንዱን መጀመሪያ በኤንቲፒ (የኮምፒውተርን ሰዓት በኔትወርክ የሚያስተካክል ዘዴ) ከተስተካከለ ሰዓት ውሰድ። በኢንተርኔት ስትሪም የምትቀዳው ካለ ደግሞ ከአየር ላይ ግማሽ ደቂቃ የሚዘገይ አይቻለሁ፣ መዘግየቱም ራሱ ይቀያየራል። ስትሪሙ ላይ የሚገባው ማስታወቂያ አየር ላይ ካለው ሊለይ እንደሚችልም እወቅ፣ አንዳንዶቹ ይቀይሩታል።

ዋተርማርክ ለአንተ ፈጽሞ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም ግን። ማስታወቂያውን የሚሠራው ድርጅት ደንበኛህ ከሆነ ጣቢያው ሳይሆን እሱ ፋይሉ ላይ ኮድ ይክተትበት፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የተለያየ ኮድ፣ ለእያንዳንዱ ቨርዥን የተለያየ ኮድ። ያኔ ያ የ26 ሰከንድ ጣጣ አይኖርም። ድምፅ ላይ ዋተርማርክ የሚከት ኦፕን ሶርስ አለ፣ ኦዲዮዉማርክ ይባላል፣ ግን የሚሸከመው ጥቂት ቢት ስለሆነና ረዘም ያለ ድምፅ ስለሚወድ በአጭር ማስታወቂያ ላይ ራስህ ሳትፈትነው ቃል አትግባ። በቲቪ ስታንዳርድ ውስጥ የገባው ቪፒ1 የሚባለው የድምፅ ዋተርማርክ እንኳ በየ1.5 ሰከንዱ 50 ቢት ነው የሚሸከመው፣ ስም ምናምን የሚጻፍበት አይደለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ትርጉሙ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ስትፈትን ደግሞ ንጹሕ ፋይል ላይ አትፈትን። ጣቢያው በሚጠቀመው ዓይነት ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ) አሳልፈው፣ በዝቅተኛ ቢትሬት ጨፍልቀው፣ ከዛ መልሰህ አንብበው።

አሁን እኔ አንተን ብሆን በሁለት ቻናልና ደንበኞችህ በሚሰጡህ ማስታወቂያ ብቻ ጀምሬ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሰው በጆሮው እንዲቆጥር አድርጌ ከሲስተሙ ጋር አስተያያለሁ። የሳተውንም በስህተት ያገኘውንም ለየብቻ ቁጠር፣ አንድ ላይ "ትክክለኛነት" ብለህ አትደምረው። ብቻ መጀመሪያ ይሄን ንገረኝ፣ ሪከርደሮቹ በስንት ቢትሬት ነው የሚቀዱት፣ ሞኖ ነው ስቴሪዮ፣ እና ከ20ዎቹ ስንቱ በስትሪም ስንቱ በአንቴና ነው?