ኳሷ ሁሌ ትቀድመኛለች

ጥያቄ፦ ቴኒስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በቀኝ እጄ ነው የምጫወተው። ቀስ ብሎ በሚመጣ ኳስ ፎርሃንዴ (በቀኝ ጎኔ፣ በመዳፌ በኩል የምመታው ምት) አይታማም። ፈጠን አድርጎ የሚመታ ሰው ሲገጥመኝ ግን ኳሷ ወይ ወደ ቀኝ ትወጣብኛለች ወይ የራኬቱ ጠርዝ ላይ ታርፋለች። እጄን ለማፍጠን ስሞክር ጭራሽ ባሰብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እጅህን ተወው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። የሚራወጠው ከሱ በፊት መጀመር የነበረበት ነገር ስለዘገየ ነው።

ሜዳው ከጫፍ ጫፍ 23.77 ሜትር ነው። ተጋጣሚህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢመታት እንኳ፣ አየሩም መሬቱም ስለሚያዘገዩአት፣ አንተ ጋ እስክትደርስ አንድ ሰከንድ ገደማ አለህ። ይበቃል። ችግሩ ብዙዎቻችን ግማሹን ኳሷን ቆመን በማየት እንጨርሰዋለን፤ ራኬቱን ወደ ኋላ መውሰድ ትዝ የሚለን ከነጠረች በኋላ ነው።

ስለዚህ ተጋጣሚህ ሊመታ ሲል ትንሽ ዘለል በል፣ እሱ ሲመታ እግርህ መሬት ይንካ። ወደ ፎርሃንድህ እንደመጣች ስታውቅ ወዲያው ትከሻህን አዙር፣ ኳሷ መረቡን ሳታልፍ። እዚህ ላይ ግራ እጅህ ትልቅ ሥራ አለው፦ ራኬቱን ከእጀታው በላይ እንደያዘ አብሮ ይዙር። ቶሎ ከለቀቀ ቀኝ እጅህ ብቻውን ወደ ኋላ ይሄድና ትከሻህ ባለበት ይቀራል። ኳሷ ስትፈጥን ደግሞ ራኬቱን ወደ ኋላ የምትወስደውን አሳጥረው፤ ፍጥነቱን እሷው ይዛልህ መጥታለች።

የት ጋ መምታት እንዳለብህ ለማወቅ ራኬቱን ምሰሶ ላይ አስደግፈህ ግፋው። ከጎንህ ሲሆን ክንድህ ይልፈሰፈሳል፣ ከግራ ዳሌህ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲሆን መላ ሰውነትህ ይገፋል። ቦታው እሱ ነው።

«ኳሷን እስከ መጨረሻው እይ» የሚሉህን ቃል በቃል አትውሰደው። ኳስና ራኬት የሚነካኩት ለ5 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ ዓይን አይደርስበትም። ጥቅሙ ጭንቅላትህ ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ነው። የቴኒሱን ኮከብ ሮጀር ፌዴረርን አስታውሰው፤ ኳሷ ሄዳ እንኳ ፊቱ የመታበት ቦታ ላይ ይቀራል።

ልምምዱ ቀላል ነው፣ ትንሽ ያሳፍራል እንጂ። ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች»፣ ስትመታ ደግሞ «መታሁ» እያልክ ጮክ ብለህ ተጫወት። ሁለቱ ቃላት ከተደራረቡብህ ወይም «መታሁ» ከምቱ በኋላ ከመጣ፣ ዓይንህ ኳሷን በሰዓቱ እየተከተለ አይደለም። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መቆምም ጊዜ ይሰጣል፣ ግን ችግሩን ስለሚሸፍነው እኔ አልወደውም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኳሶችህ አሁን ደግሞ ወደ ግራ ሊያፈተልኩ ይችላሉ። ቀድመሃታል ማለት ነው። ያኔ ዝግጅቱን አታዘግየው፤ ትከሻህን እንዳዞርክ ለአፍታ ጠብቃትና ምታት።