አልንቀሳቀስ ያለ የሾፌር ወንበር

የመኪና ጥያቄና መልስ

ስለ ኤሌክትሪክ ወንበር የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ ሰብስበናቸዋል። የመኪኖቹ ስም ቢለያይም የወንበሮቹ አሠራር ይህን ያህል አይለያይም፤ ልዩነት ባለበት ቦታ እንጠቅሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጃፓን ሠራሽ ኤስዩቪ አለኝ። ውስጧን በደንብ አሳጥቤ ከመለስኳት ወዲህ የሾፌሩ ወንበር ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አልልም አለ። ድምፅ እንኳን የለውም። መደገፊያውም እንደዚያው ነው። ጋራዥ ሳሳያት ‹‹ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር›› አሉኝ። ልግዛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይግዙ። በዚህ ዓይነት ወንበር ውስጥ ያለው ሞተር አንድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አራት ነው። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንዱ የመቀመጫውን የፊት ጫፍ፣ ሌላው የኋላውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ አራተኛው መደገፊያውን ያጋድማል። አራቱ ተነጋግረው ባንድ ቀን አይቃጠሉም። ሁሉም እኩል ጸጥ ካሉ ጥፋቱ ሁሉም በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው፦ ፊውዙ፣ ከወንበሩ ሥር ያለው ዋና ሶኬት፣ ማሳው (ኃይሉ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት ሽቦ) ወይም ስዊቹ። ከእጥበት በኋላ መምጣቱ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ያስጠረጥራል።

ለማንኛውም ከፊውዙ ይጀምሩ። በብዙ መኪኖች 30 አምፔር ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ኮፈኑ ውስጥ ካሉት ሳጥኖች በአንዱ ያገኙታል፣ ክዳኑ ላይ ምልክቱ አለ። አዲስ ሲያስገቡ ወዲያው ከተቃጠለ በ40 አይተኩት። ሽቦው የተመጠነው ለ30 ነው፤ ፊውዙ እንዳይቃጠል ካደረጉት ተራው የሽቦው ነው፣ እሱ ያለው ደግሞ ምንጣፍና ስፖንጅ መሃል ነው። አልበረክት የሚል ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ወንበሩ በሚንሸራተትበት ሀዲድ ሥር ተነክሶ የተላጠ ሽቦ ነው።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፍተሻ አለ። ማታ፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ የጣሪያውን መብራት አብርተው የወንበሩን ስዊች ይጫኑ። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኃይሉ የወንበሩ ሞተር ጋ ደርሷል፣ የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዞታል ማለት ነው። ፍንክች ካላለ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። የጣሪያው አምፖል ኤልኢዲ ከሆነ ድብዘዛው በዓይን ላይታይ ስለሚችል ቴስተር ባትሪው ላይ አድርገው ስዊቹ ሲጫን ቮልቱ ዝቅ ማለቱን ይዩ።

ቀጥሎ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ይበሉ። ወፍራም ሽቦዎች የገቡበት ሶኬት አለ፤ ከወፍራሞቹ አንዱ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ያለበት፣ ሌላው ማሳ ነው (በቶዮታ ማሳው ብዙ ጊዜ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ሽቦ ነው)። እዚህ ጋ ቴስተር ብቻውን ያታልላል። አረንጓዴ ዝገት የበላው ፒን ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፣ ቴስተሩ የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርምና። ሞተሩ ሲጠይቅ ግን ያ 12 ቮልት የለም። ስለዚህ ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ በይደው ከሁለቱ ወፍራም ፒኖች ጋ ያገናኙት። ደምቆ ከበራ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከደበዘዘ የማሳውን ጫፍ ነቅለው ቀለም በሌለው የቦዲ ብረት ላይ ያድርጉት፤ አሁን ከደመቀ ጥፋቱ የማሳው ሽቦ ነው፣ ያው ከሆነ የፖዘቲቩ።

ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ቱቦ የለበሰ ሽቦ ካዩ አምፖልም ቴስተርም አይንኩት። በመደገፊያው ውስጥ ያለው የጎን ኤርባግ ሽቦ ነው፤ በእርስዎ አምፖል ኃይል ሊፈነዳ ይችላል።

የዛገውን ሶኬት ለማጽዳት የባትሪውን ነጋቲቭ ነቅለው ኮንታክት ክሊነር ይርጩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፣ በደንብ ሲደርቅ ስስ ሲሊኮን ግራሶ ቀብተው ይግጠሙት። የሴቴው ፒን አፍ ከሰፋ በቀጭን መርፌ ጠበብ ያድርጉት፤ ይህ ካልተደረገ ጽዳቱ ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ጥፋቱ ይመለሳል። ምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅም ውሃ ይዞ ይከርማልና ገልጠው ያድርቁት።

የቀረው ስዊቹ ነው። የወንበሩን የጎን ፕላስቲክ ፈትተው ሲከፍቱት ጥቃቅን የመዳብ ምላሶች ያገኛሉ፤ ከጠቆሩ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያብሷቸው፣ በካቻቢቴ አይፋቋቸው። አሠራሩን ማወቅ ለፍተሻ ይጠቅማል። ስዊቹ ሳይጫን የሞተሩ ሁለቱም ሽቦዎች ማሳ ላይ ናቸው፤ ሲጫን አንዱ ወደ 12 ቮልት ይሻገራል፣ ሌላው ማሳ ላይ ይቀራል። ወደ ኋላ ለመሄድ ሽቦዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ እምቢ የሚል ወንበር ሲያጋጥም ሞተሩን ሳይሆን ስዊቹን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የእኔው ሞተሩ ይጮሃል፣ ግን በግራ በኩል ብቻ ይገፋና ወንበሩ ጠመም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ‹‹ጠቅ ጠቅ ጠቅ›› ይላል። አሁን ከመሪው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፣ ስነዳ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ይነካል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ስዊቹን መጫን ያቁሙ። እያንዳንዷ ጠቅታ የአንድ ጥርስ ዕድሜ ናት።

ይህ ደጋግሞ የሚያጋጥም ጥፋት ነው፣ ሞተሩም የለበትም። ገፊው ሞተር በሁለቱ ሀዲዶች መሃል ይቀመጣል፤ ከግራና ከቀኙ እንደ ድሮው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ያለ ተጣጣፊ ካቮ ይወጣል። ካቮው በየሀዲዱ ያለውን ትንሽ የጥርስ ሳጥን ያዞራል፣ ሳጥኑ ደግሞ ረጅሙን ጥርሳም ዘንግ። የካቮው ጫፍ አራት ማዕዘን ነው። ያ ጫፍ ከቀዳዳው ከወጣ፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ከተላጨ፣ አንዱ ወገን ሲሄድ ሌላው ይቆማል። ‹‹ጠቅ›› የሚለው የተላጨው ጥርስ ወይም በቀዳዳው ጫፍ የሚንሸራተተው ካቮ ነው።

ወንበሩ ከመሪው ጋር ስለተጣበቀ የኋላዎቹን ሁለት ብሎኖች ማግኘት ይችላሉ፣ የፊቶቹን ግን አያገኙም። ስለዚህ በእጅ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የኋላዎቹን ፈትተው በኋለኛው በር በኩል ሞተሩ ጋ ይድረሱ፤ የሞተሩን ሶኬት ነቅለው፣ ማሰሪያ ብሎኖቹን ፈትተው ሁለቱን ካቮዎች ያውጡ። የካቮውን ጫፍ በዝግታ በሚዞር የእጅ መሰርሰሪያ ይያዙና ያዙሩት። የተጣመመውን መጀመሪያ ያቃኑ፤ ቀድሞ የሄደውን ወገን ብቻ መልሰው ከሌላው ጋር ያስተካክሉት። ከዚያ ግራ አስር ዙር፣ ቀኝ አስር ዙር እያሉ ተራ በተራ ይሂዱ። የሚያሳስተው አቅጣጫው ነው። ሁለቱም ካቮዎች ከአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ስለሚወጡ፣ ከመሃል ሆነው ሲያዩ ግራው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ከዞረ ቀኙ በተቃራኒው ነው መዞር ያለበት።

የፊት ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ነጋቲቩን ከባትሪው ነቅለው ይጠብቁ፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል። ኤርባጉ ለአደጋ ጊዜ ያጠራቀመው ኃይል የሚፈሰው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ቢጫውን ጨምሮ ሶኬቶቹን ይንቀሉ፣ የበሩን ደፍ በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ የራስ ትራሱን ያውጡ። ለሁለት ሰው የሚሆን ሸክም ነው፤ ሞተር ያለው ወንበር ከሌላው ይከብዳል፣ ሀዲዱም ቀለም ይቧጭራል።

ወንበሩ ተገልብጦ ሲታይ የካቮው ጫፍ ያልተበላ፣ ቀዳዳውም ያልከበበ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። በአንዳንድ መኪኖች የፕላስቲክ ሽፋኑ ከውስጠኛው ካቮ ጋር ሲነጻጸር ይረዝምና ካቮው ወደ ቀዳዳው ጠልቆ እንዳይገባ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ከሽፋኑ ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቆርጦ መጣል ነው። በአንዴ አይቁረጡ፤ 5 ቆርጠው ይሞክሩ። ሲገጠም ካቮው ወደ ግራና ቀኝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መላወስ አለበት፤ ከጨመቀ ሳጥኑን ይበላል።

ጥርሱ ከተላጨ ግን ሳጥኑ መቀየር አለበት። ጥርሱ ብቻውን ብዙም አይሸጥም፣ የሚገኘው ከሙሉ ሀዲዱ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ ካሉት የተፈታቱ ወንበሮች መምረጥ ከአዲስ ይረክሳል። ሲገዙ ሻጩ ባለበት በባትሪ ያስነዱት፣ ሁለቱም ወገኖች እኩል መሄዳቸውን ይዩ። ከጃፓን የቀኝ መሪ መኪና የወጣ የሾፌር ወንበር ስዊቹና የጎን ፕላስቲኩ በተቃራኒው ወገን ስለሚሆኑ ሙሉውን አይግዙት፤ ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ቶርኖ ቤት የነሐስ ጥርስ ማስቀረጽም ይቻላል፣ ይሠራልም። ሆኖም የፕላስቲኩ ጥርስ ደካማ የሆነው በከፊል ሆን ተብሎ ነው፤ ነሐሱ እሺ ካላለ በሚቀጥለው ጊዜ የሚበጠሰው ካቮው ወይም ሞተሩ ይሆናል። በሙጫ የተጠገነ ጥርስ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙ ጥገና የሚከሽፈው ከዚህ በኋላ ነው። ካቮዎቹን ከመግጠምዎ በፊት ሁለቱን ሀዲዶች እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ያድርሱ፤ ከዚያ ከሀዲዱ ጫፍ እስከ ተንሸራታቹ ጫፍ በማስመሪያ ግራና ቀኙን ይለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ የተገጠመ ወንበር የመጀመሪያ ቀን ይሄዳል፣ ግን እየተጨናነቀ ነው የሚሄደው፤ አዲሱን ጥርስም ይላጫል።

ሲመልሱ አራቱንም ብሎኖች በእጅ ጥቂት ዙር አስይዘው ነው ማጥበቅ የሚጀምሩት፣ የፊቶቹን አስቀድመው። በብዙ ቶዮታዎች ባለ 14 ቡሶላ ይይዛቸዋል፣ ጥብቀቱም 37 ኒውተን ሜትር ነው። የተሰነጠቀ ሀዲድ አይበየድም፤ በግጭት ጊዜ ሾፌሩን ከመኪናው ጋር የሚይዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ቦታ የሚያስታውስ ወንበር አላት። ስዊቹን ስጫን ሁለት ጣት ያህል ሄዶ ይቆማል። ለቅቄ ደግሜ ስጫን እንደገና ሁለት ጣት። ማስታወሻውም ጠፍቷል። እዚህ ዲለርሺፕ ሙሉ የወንበሩን ኮምፒውተር ቀይር ነው የሚሉት። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ይመስላል። ማስታወሻ ባላቸው ወንበሮች ሞተሩ ውስጥ ዙሩን የሚቆጥር ትንሽ ሴንሰር አለ። ቁጥሩ ካልደረሰው ኮምፒውተሩ ‹‹ሞተሩ ተይዟል›› ብሎ ኃይሉን ይቆርጣል። ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈትሹ፤ መታጠፊያቸው ላይ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳሉ፣ ከላይ ሽፋኑ ደህና ይመስላል። በቀስታ ሳብ ሲያደርጉት የሚለጠጥ ሽቦ ውስጡ ተበጥሷል። ከላይ የጻፍነውን የ21 ዋት አምፖል ዘዴ እነዚህ ሽቦዎች ላይ በፍጹም አይሞክሩ፣ ያኔ ኮምፒውተሩ የእውነት ይቃጠላል።

ባትሪ ተነቅሎ ከነበረ ደግሞ ቦታውን ዘንግቶ ሊሆን ይችላል። እያቋረጠም ቢሆን በሁሉም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይውሰዱትና ጫፍ ላይ ሲደርስ ስዊቹን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። በብዙ መኪኖች ይህ ብቻውን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ወንበሬ ይሄዳል ግን እየተንቋቋ በቀስታ ነው። የሞተር ዘይት ላንጠባጥብበት? (ከደሴ)

መልስ፦ የሞተር ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ምንጣፉንም ያበላሻል። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም ግራሶ አይደለም፤ ያለውን አጥቦ ይሄዳል። አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጠርገው ያውጡ፣ ሀዲዱ ውስጥ የወደቀ ሳንቲምና የቆሎ ፍሬ ካለ ይልቀሙ፣ ከዚያ ነጭ ሊቲየም ግራሶ በስሱ በጥርሳሙ ዘንግና በሀዲዱ ከንፈር ላይ ይቀቡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጊዜ ያመላልሱት፤ መሃል ላይ ሞተሩ ከቆመ ሞቆ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ወንበሩን ራሴ አውጥቼ መለስኩት፤ ጥሩ ይሠራል። ግን የኤርባግ መብራት በርቶ ቀረ። (ከሻርጃ)

መልስ፦ ወይ ቢጫው ሶኬት እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፉ ዞሯል። እንደገና ነጋቲቩን ነቅለው 90 ሰከንድ ጠብቀው ሶኬቱን ይዩት፤ ብዙዎቹ ሁለተኛ መቆለፊያ ምላስ አላቸው፣ እሷ ካልገባች ሶኬቱ የገባ ይመስላል እንጂ አልገባም። ከሥሩ ያለውን የቀበቶ መቆለፊያ ሶኬትም ይመልከቱ። ሁሉም በቦታው ከሆነ የተመዘገበውን ስህተት ኤርባግ ማንበብ የሚችል ስካነር ያጠፋዋል፤ የመኪናውን ሞተር ብቻ የሚያነቡት ርካሽ ስካነሮች አያዩትም። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ግን ኤርባጉ በግጭት ጊዜ ላይከፈት እንደሚችል ይወቁ።